ለስንጥቁ የሰጠሁት ምራቂ

ደብዳቤው የመጣ ዕለት ለአንዲት የሙሽራ እናት ስድስት ሜትር ከፋይ እየቆረጥኩ ነበር። ነጋዴ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ የሚታየው ሱቁ ሲታሸግ ነው፤ እኔም መቀሱን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። አንብቤ ስጨርስ ደግሜ አነበብኩት። አሁንም አልገባኝምና ለሴትዮዋ ሰጠኋት። «ከተቋሙ ውጭ ሆነው ለምድር ሳይንስ የላቀ አስተዋጽኦ ካበረከቱ ግለሰቦች አንዱ ሆነው ስለተመረጡ እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንተን ነው?»

«ስሙ የኔ ነው» አልኳት።

«እንዲያው ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብላ ከፋይዋን በፌስታል ይዛ ወጣች።

አልፈረድኩባትም። እኔ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። አባቴም ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ የአባቴም አባት እንደዚያው። በእኛ ቤት ሰው አጎንብሶ መሬት የሚያየው መርፌ ሲወድቅበት ነው። ስለ ምድር የማውቀው ነገር ቢኖር ስሰግድ ግንባሬ እንደሚነካት ነው።

ነገሩን ያመጣብኝ ወዳጄ ነው። ወዳጄ የጃን አሞራ ገበሬ ሲሆን ቤቱ ከመካነ ብርሃን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። አባቱ ለአባቴ ገብስና የበግ ቆዳ ያወርድለት ነበር፤ አባቴ ደግሞ ጨርቅ ያወጣለት ነበር። እነሱ ጎንደር ሲወርዱ እኛ ቤት ያድራሉ። እኛ ስንወጣ በጉን የሚያርድልን እስላም ፍለጋ ሰው ይልካሉ፤ ካልተገኘ ሁላችንም ሽሮ እንበላለን። ሁለቱም አባቶች ሲያልፉ ወዳጅነቱ ለእኔና ለእሱ ቀረ። በዐሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት አያ ለልጁ ሠርግ ጨርቅ ሊገዛ መጣ። ከጣቃዎቹ በአንዱ ላይ ተቀምጦ፣ «ከቤታችን በላይ መሬቱ ተተረተረ» አለኝ።

«ተተረተረ ማለት?»

«እንደ ስፌት ነዋ። እጄን ሰደድሁበት፤ መጨረሻውን አላገኘሁትም።»

ከስንጥቁ በታች ዐሥራ አንድ ቤት አለ፤ አንዱ የእሱ ነው። ለቀበሌ ተናገረ፤ ቀበሌው ወደ ወረዳ ላከው። ወረዳው ዐሥራ አንዱን ቤት አስነስቶ ሌላ ቦታ የሚሰጠው ባለሙያ አይቶ «ይነሱ» ብሎ ሲጽፍ ብቻ እንደሆነ ነገረው። ባለሙያ እንዲመጣ ደግሞ ጥያቄው በመረጃ ተደግፎ መቅረብ አለበት። አያ ይህን አውርቶኝ ሲያበቃ ጠየቀኝ።

«መረጃ የሚሉት ምንድን ነው? ስንጥቁን ነቅዬ ላምጣላቸው?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄ ነው፤ «ለኔ ተወው» አልኩት። ልጄ ከስልኳ ላይ ፈልጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሕዝቡ ያየውን የመሬት መሰንጠቅ፣ የምንጭ መድረቅ፣ የገደል መናድ እንዲልክለት የሚጠይቅበትን ቅጽ አገኘችልን። በየወሩ ስንጥቁ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጨመረ መሙላት ነው። አያ ስልኩ ቅጽ አይከፍትም፤ ስለዚህ እሱ ሊለካ፣ እኔ ልጽፍ ተስማማን።

አለካኩን ራሱ ፈጠረው። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ተከለ። በየወሩ የሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ ዳገቱን ይወጣል፤ ገመዱን ከችካል እስከ ችካል ይዘረጋና በደረሰበት ላይ ክር ያስራል። ክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ለየዓመቱ የተለያየ ቀለም። ስንጥቁ ካልጨመረ አዲሱ ክር በአሮጌው ክር አጠገብ ይታሰራል፤ ከጨመረ ራቅ ይላል። ከዚያ ኔትወርክ ወዳለበት ሌላ ጉብታ ይወጣና ይደውልልኛል። «አንድ ጣት ጨምሯል» ይለኛል፣ ወይም «ሁለት ጣት»። ጣቱን በሜትሬ ለክቼዋለሁ፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። አባቴ ካስተማረኝ ሁሉ ያልረሳሁት ጨርቅ ልክ በሜትሩ ጫፍ ላይ እንደማይቆረጥ ነው። መቀሱ ከምልክቱ አንድ ጣት አልፎ መግባት አለበት። ያቺ ጣት ምራቂ ናት። ምራቂ የማይሰጥ ነጋዴ ደንበኛ አይመለስለትም፤ ሲሞትም ቀባሪ አያገኝም ይባላል። ምራቂው ግን ከሰማይ አይወርድም፤ ከጣቃው ነው የሚወጣው። ስለዚህ ነጋዴው ብዙ በሚወስድ ሰው ላይ ጠበቅ እያደረገ ያካክሰዋል። ጣቃው ሲያልቅ ድምሩ ይገጥማል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል።

የመጀመሪያው ኅዳር ላይ አያ ደወለና፣ «ዛሬ ምንም የለም» አለኝ። ቅጹን ከፍቼ ዜሮ ጻፍኩ። ጽፌ አየሁት። አንድ ሽማግሌ ግማሽ ቀን ዳገት ወጥቶ፣ ደግሞ ለኔትወርክ ሌላ ዳገት ወጥቶ፣ እኔ ዜሮ ብዬ ለመንግሥት ልላክለት? አፈርኩ። እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት መሰለኝ። ዜሮውን አጠፋሁና አንድ ጻፍኩ።

ሐምሌ ላይ አራት ጣት ጨመረ አለኝ። የበጋውን ምራቂ ከዚያ ላይ ቀነስኩ። ሌባ አይደለሁማ! እየቆየ እጄ ለመደ፤ ክረምት የሰጠውን ለበጋ ማቆየት የማንም ቤት ወግ ነው። የሐምሌን ለጥር፣ የነሐሴን ለመጋቢት አካፈልኩ። ኔትወርክ ተዘግቶ አያ መደወል ባልቻለባቸው ወራትም ከተቀመጠው ላይ እያነሳሁ ላክሁ። ዞሮ ዞሮ ድምሩ ይገጥም ነበር፤ ወላሂ፣ በዚህ እኮራ ነበር። ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት በነበረው ነሐሴ አያ እየጮኸ «አንድ ክንድ ሊሞላ ነው» ሲለኝ ግን ደነገጥኩ። ያን ያህል ባንዴ መላክ ያስነውራል፤ ገመዱን ዘርጥጦት ይሆናል ብዬ አብዛኛውን ለሚመጣው በጋ አስቀመጥኩት።

መሥሪያ ቤቱ ወደደኝ። አንዲት ወጣት ባለሙያ በየጊዜው እየደወለች «የእርስዎ ስንጥቅ» ትለኝ ጀመር። የእኔ! «እንዲህ ተረጋግቶ የሚሄድ ስንጥቅ አይተን አናውቅም» ትለኛለች። እኔም ልጄን ትምህርት ቤት ያመሰገኑልኝ ያህል ደስ ይለኛል። መቼ መጥታችሁ ታዩታላችሁ ስላት መልሷ ሁልጊዜ «በዕቅድ ተይዟል» ነው። አያ ይህን ስነግረው ይስቅ ነበር፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም። «ዕቅዱ ስንጥቅ የለበትም?» ይለኛል።

ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሽልማቱ ከተቋሙ ውጭ ላሉ ሰዎች ስለሆነ ውጭ መሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን አገላብጣ አየችው።

«እኛ የምንጽፈው ለውስጥ ነዋሪ ነው። ውጭ ነህ ብለን እንዴት እንጽፋለን?»

«ከቀበሌው ውጭ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ።»

«መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አለመሆንህን ማን ያውቃል?»

«መሥሪያ ቤቱ።»

«እንግዲያው እነሱ ይጻፉልህ።»

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጨረሻ ላይ ሁለት ምስክሮች ቀርበው፣ አንዱ ከሱቄ ፊት ለፊት ጫማ የሚሸጥ፣ ሌላው የመስጊዳችን ሙአዚን፣ በሕይወቴ የምድር ሳይንስ ሠርቼ እንደማላውቅ መሰከሩ። ሙአዚኑ «ወደፊትም የሚሠራ አይመስለኝም» ብሎ ጨመረ፤ እሱም ተጻፈ። በዚያ ማስረጃ መሸለም እንደምችል ተረጋገጠ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሽልማቱ ለእኔ እንደማይገባ ተናግሬ ነበር። ለዝግጅቱ አስተባባሪ ደውዬ ስንጥቁን የሚለካው አያ መሆኑን አስረዳሁት። እሱም በትሕትና መለሰልኝ። «አባታችንን እናከብራቸዋለን። ግን እሳቸው የሚኖሩት ስንጥቁ ሥር ስለሆነ ለጥናቱ ውስጣዊ ናቸው። መመሪያው ውጫዊ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ምን ይሁኑ?»

«አጃቢ። ለአንድ ተሸላሚ አንድ አጃቢ ይፈቀዳል።»

አያ አጃቢ መሆኑን ስነግረው ቅር አላለውም። በግንቦት መጨረሻ፣ ከዝግጅቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ገመዱን በቦርሳ ይዞ ወረደ። «ሽልማቱ ያንተ ይሁን» አለኝ። «እኔ የምሻው ቀኑን ነው። ትልልቆቹ ሁሉ ይሰበሰባሉ ብለኸኛል። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፤ መቼ እንደሚመጡ በአፋቸው ሲናገሩ ልስማ። ገመዱንም እንይ ካሉ ይኸው።»

አዳራሹ ከቁስቋም በታች ነበር። የክብር እንግዳው ሁለት ሰዓት ዘግይተው ስለመጡ እስከዚያ ተሸላሚዎቹ ተዋወቅን። ሰባት ነን። አንዱ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው፤ የተሸለመው መሣሪያ የቆመበትን አጥር ፍየል እንዳይገባበት ስላስጠበቀ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው የአዲ አርቃይ መስመር ሾፌር ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ በወረደ ቁጥር ለመሥሪያ ቤቱ በመደወል ለዓመታት ያልተቋረጠ መረጃ ሰጥቷል ተብሎ ነው የመጣው።

«እኔ የደወልኩት መንገድ የሚጠርግ ዶዘር እንዲልኩልኝ ነበር» አለኝ ጠጋ ብሎ። «የተሳሳተ ቁጥር ሰጥተውኝ ነው። ዶዘሩ እስካሁን አልመጣም፤ ሽልማቱ መጣ።»

ስሜ ተጠርቶ ስወጣ ካባ አለበሱኝ። ካባው ትከሻዬ ላይ እንዳረፈ ጨርቁን አወቅሁት፤ ከእኔው ሱቅ የተገዛ ነው። የገዛው ሰውዬ ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ዐሥራ ስምንት ሜትር አስቆርጦ ሄዶ ነበር፤ ከተከራከርን በኋላ ግማሽ ሜትር መርቄለታለሁ። የመስታወት ሉልም ሰጡኝ። እንዳይወድቅብኝ በሁለት እጄ አቅፌ ቆምኩ።

ያቺ በስልክ የማውቃት ወጣት ባለሙያ ሥራዬን ልታብራራ ወጣች። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል በራ። የእኔ ስንጥቅ ነው፤ የስድስት ዓመቱ። በሜትሬ ያሰመርኩት ይመስል ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር።

«አብዛኛው ስንጥቅ በጋ ይተኛል፣ ክረምት ይነሳል» አለች። «ይሄኛው ግን በጋና ክረምት አይለይም፤ ዝናብ አይነካውም። ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። በዝናብ እየዘለለ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ነዋሪዎቹን በዚሁ ሳምንት ማስነሳት ነበረብን። እየተሳበ የሚሄድ በመሆኑ ግን ጊዜ አለን። ለዚህ መረጋጋት ያበቃን የኚህ ሰው ትዕግሥት ነው።»

ተጨበጨበ። እኔ ሉሉን እንዳቀፍኩ ሥዕሉን አየሁት። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ስንጥቁ ይዘል ነበር፤ ያረጋጋሁት እኔ ነኝ። ባለሙያዎቹ ያልመጡት ችላ ብለው አልነበረም፤ እኔ በደግነቴ አትቸኩሉ እያልኩ ስለጻፍኩላቸው ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አያን አየሁት። አንገቱን ወደ ጎን አድርጎ ሥዕሉን እያየ ከአጠገቡ ያለውን ሰው፣ «ምን አለች? ክረምት አይጨምርም አለች? ምነው እንዲህ ትላለች?» ሲለው ይሰማል።

ለምስጋና ሁለት ደቂቃ ሰጡኝ። ማይክራፎኑን ይዤ፣ «ይሄ መስመር ውሸት ነው» አልኩ።

ሳቁ።

«የእውነቴን ነው። በጋ ላይ አይጨምርም። ባዶ ከምልክላችሁ ብዬ ከክረምቱ እያነሳሁ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አሁንም ገና ያልላክሁት ከስንዝር በላይ ስንጥቅ ሱቅ አስቀምጫለሁ።»

የባሰ ሳቁ። የመድረክ መሪው እንባውን እየጠረገ ማይኩን ወሰደና፣ «የጎንደር ሰው ጨዋታ አዋቂ ነው! ትሕትናቸውን በጭብጨባ» አለ። አጨበጨቡ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ አዳራሽ ሙሉ የተማረ ሰው ሲልስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም ብሆን አልቃሹ አልነበርኩም፤ ገደሉን የናድኩት እኔው ነኝ።

ያልሳቀ አያ ብቻ ነበር። ተነሳ። ቦርሳውን አንግቶ ወደ መድረኩ ሲመጣ ጥበቃው አጃቢ መድረክ ላይ እንደማይወጣ ነገረው። «አልወጣም» አለና በመቀመጫዎቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ገመዱን ዘረጋው። ከዳር እስከ ዳር ክር ነው። እዚህ ጋ ሰባት ስምንት ክር ተደራርቦ ታስሯል፤ ከዚያ ባዶ ገመድ፣ አንድ ክር፣ ባዶ ገመድ፣ አንድ ክር፤ ከዚያ እንደገና የተደራረበ።

ወጣቷ ባለሙያ ከመድረኩ ወረደች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበረከከችና የተደራረቡትን ክሮች በጣቷ ነካች።

«ይሄ ምንድን ነው አባቴ?»

«ከኅዳር እስከ ግንቦት ነዋ። በጋ አይላወስም።»

«ይሄ ባዶውስ?»

«ሐምሌ ነው። ያኛው ነሐሴ።»

በስንዝሯ እየለካች ሄደች። ቢጫ ክሮቹ ጋ ስትደርስ፣ ያለፈው ዓመት ናቸው፣ አንድ ስንዝር አልበቃትም። ሁለተኛ እጇን ጨመረች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ተነስታ ከፊት ረድፍ ወደተቀመጡት ኃላፊዋ ሄደች።

«ነገ መሄድ አለብን።»

«ዕቅዳችን ከመስከረም በኋላ ነው እኮ» አሉ ኃላፊው።

«ጌታዬ፣ ከመስከረም በኋላ የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል።»

 የመድረክ መሪው ግራ ገብቶት ካባውን ያውልቁ ወይስ ይቆዩ ብሎ ኃላፊዎቹን ጠየቀ። እዚያው ጥግ ላይ ተሰባስበው ተነጋገሩ። መመሪያው ስለ መስጠት እንጂ ስለ መቀማት ስለማይናገር ለእኔ እንዲቆይልኝ ተወሰነ። ለአያ እንስጠው ያለም ነበር፤ ውስጣዊነቱ ግን አሁንም እንዳለ ነው ተባለ።

ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ በዓለ ኀምሳም አልፏል። አያ ጾመኛ ነው፤ እኔም በሌላ ምክንያት ሥጋውን አልነካም፤ ስለዚህ ምሳ ላይ ሁለታችንም የጾሙ ማዕድ ጋ ተገናኘን። ሳህኑን ይዞ ቆሞ አየኝ።

«የለም ስልህ አለ አልህ» አለኝ። «አለ ብዬ ስጮህ ደግሞ አንስተህ አስቀመጥህ። የልጅ ልጆቼ እዚያ ተኝተው፣ አንተ ስንጥቅ ታቆያለህ?»

  መልሴን ሳይጠብቅ ሄዶ ከሾፌሩ ጋር በላ። ያን ቀን እኔ ቤት አላደረም። የእሱና የእኔ ቤት ሰው ከተዋወቀ ጀምሮ ጎንደር ወርደው ሌላ ቦታ ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሚስቴ በር በሩን እያየች ስንት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ በመጨረሻ ነገርኳት። እሷም ካባውን ከእጄ ተቀብላ ሳጥን ሥር ከተተችው።

በማግስቱ ባለሙያዎቹ አያን ይዘው ወጡ። ወጣቷ በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ፤ ጽፈዋል፣ ወረዳውም ተቀብሏል። ሰኔ ሳይጋመስ ዐሥራ አንዱ ቤት ሰው ከነከብቱ ተነስቶ ተራራው የማይደርስበት አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በሸራ ገባ። አያ ግን አልደወለም። የሰኔ ሚካኤል አለፈ፤ የሐምሌም አለፈ። ስልኩን ከሜትሬ አጠገብ አስቀምጬ እውላለሁ። ደንበኛ አምስት ሜትር ሲለኝ ስድስት ቆርጬ እሰጥ ጀመር።

ወሬው በሾፌሩ በኩል ይደርሰኝ ነበር። ሾፌሩ ከሽልማቱ ወዲህ ወዳጄ ሆኗል። ተራራው አልወረደም። ሰዎቹ ሸራው እያፈሰሰባቸው፣ ቤታቸው ከፊታቸው ደኅና ቆሞ እያዩ፣ አያን ይራገሙታል። «በገመድ ለክቶ ከቤታችን ያስወጣን» ይሉታል። አንዳንዶቹ ቀን ቀን ተመልሰው እርሻቸውን ያርማሉ። አንዲት መበለት ዶሮዎቿን መልሳ ወስዳለች አሉ። ይህን ስሰማ ሶላት ላይ ቁጭ ብዬ ምን እንደምለምን ጠፋኝ። ይቁም ብል አያ ውሸታም ሊሆን ነው። ይውረድ ብል የአባቱ ቤት አለ። በዚህ ዕድሜዬ ዱዓ ጠፍቶብኝ እጄን ዘርግቼ ዝም ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አላህ ያውቃል ብዬ እነሳለሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ከዘነበ በኋላ፣ ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሁለት ሴቶች ጨርቅ እያስመረጡኝ ነበር። የአያ ቁጥር ነው።

«ወረደ» አለኝ።

ጣቃው ላይ ተቀመጥኩ። «ሰውስ አያ?»

«ሰው ደኅና ነው። ሜዳው ላይ ቆመን አየነው። ሁለቴ ቆጠርን። ሴትዮዋ ዶሮዎቿን ልትመግብ ልትሄድ ስትል ይዘን አስቀርተናታል። ሰው ደኅና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። ቤቱስ?»

 ከጀርባው የሰው ጩኸት፣ የከብት ድምፅና ዝናቡ ይሰማል። «ምሰሶውን የተከለው አባቴ ነበር» አለና አለቀሰ። አያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም፤ አባቱ ሲሞት እንኳ ሰው ያጽናና የነበረው እሱ ነው። እኔም አለቀስኩ። ሴቶቹ ጨርቁን በእጃቸው እንደያዙ ያዩኛል።

«አያ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። እስከዚያ ቀን አላልኩትም ነበር፤ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም።

«ምነው በስልክ?» አለኝ። «ይቅርታ በስልክ ይባላል? ና እንጂ።»

ሴቶቹን ነገ ኑ ብዬ ሱቁን ዘጋሁና በዚያው ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።